በር ላይ ተንጠልጥዬ ያሳለፍኩት ሁዳዴ

እግዜር ቁመት ሲያድለኝ ሌላውን ነገር የረሳው ይመስለኛል። ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ስሠራ ከፋይል የከበደ ነገር አንስቼ አላውቅም፤ ወፍራም ፋይል ሲመጣም ወገቤን ይዤ ሌላ ሰው እስኪያነሳልኝ እጠብቅ ነበር። ቢሆንም ረጅም ነኝ። እኛ ቁስቋም ሰፈር ደግሞ ረጅም ሰው ሥራ አያጣም። አምፖል የተቃጠለባት ሁሉ የምትጠራው እኔን ነው። ከጣሪያ ላይ ኳስ የሚያወርድ፣ ከዛፍ ላይ ድመት የሚያወርድ እኔ ነኝ። በእድራችንም የድንኳኑን የመሐል ምሰሶ ሃያ ዓመት ሙሉ የያዝኩት በጉልበቴ ሳይሆን በዚሁ በቁመቴ ነው።

የመሐል ምሰሶ መያዝ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ሸራው ከባድ ነው። ምሰሶ ያዡ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ ሰቅሎ፣ እንጨቱን ቀጥ አድርጎ ይቆማል። ሌሎቹ ዙሪያውን ገመድ ይወጥራሉ፣ ካስማ ይመታሉ። የመጨረሻዋ ካስማ መሬት እስክትገባ ምሰሶ ያዡ ንቅንቅ አይልም። አፍንጫውን ቢበላው እንኳ የሚያክክለት ሰው መለመን አለበት። እኔም ለምኜ አውቃለሁ።

ታዲያ በጥር ወር አንድ ልቅሶ ቤት ድንኳን ስንተክል ቀኝ ትከሻዬ ጠቅ አለና ከዳኝ። ያኔ «ያዙኝ» ማለት ነበረብኝ። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ያዙኝ ብሎ የማያውቅ ሰው በምን አፉ ይበል? ዝም አልኩ። ምሰሶው ዘመም አለ፤ ሸራው ከሥሩ በነበሩት ሦስት ሰዎች ላይ ዘፍ አለባቸው። አንዱ የእድሩ ዳኛ ነበር። ከሸራው ሥር እየዳኸ ሲወጣ ኮፍያው ውስጥ ቀርቷል። ለቀስተኛው እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ሟቹ ራሳቸው ቀልድ ወዳድ ስለነበሩ ይቀየሙኛል ብዬ አልሰጋም። ዳኛው ግን ቀልድ አይወድም።

ይህ ዳኛችን ከኮላ ድባ መጥቶ እኛ ሰፈር የከተመ እህል ነጋዴ ነው። በዕድሜ ሃያ ዓመት እበልጠዋለሁ። እንደ አገሩ ወግ «አያ» ይለኛል፤ በአክብሮት ነው፣ ግን አንዳንድ ጊዜ አክብሮቱ ከስድብ ይከብዳል። ያን ቀንም ጠጋ አለኝና ፦

«አያ፣ ከእንግዲህ ወንበሩ ላይ ቢቀመጡ ሸጋ ነው» አለኝ።

«የቱ ወንበር?»

«ከድንኳኑ አፍ ያለው። ሽማግሎች የሚቀመጡበት።»

«ምነው? እኔ ሽማግሌ ሆንኩ?»

ከጉልበቱ ላይ አቧራውን ማራገፍ ጀመረ።

ስለዚያ ወንበር ልንገራችሁ። ድንኳኑ በር ላይ አራት ሽማግሎች ተደርድረው ለሚመጣው ለቀስተኛ ቦታ ያሳያሉ። ሥራው ይኸው ነው። ጥላ አለው፤ ወሬም አለው። ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ ሲቀየሩ አይቻለሁ፤ ከሦስቱ አንድም ሥራ በቃኝ ብሎ የለቀቀ የለም። ከምሰሶ ወደ ወንበር የተዛወረ ሰው ቀጣይ ዝውውሩ ወዴት እንደሆነ መዝገብ ቤት ለሠራ ሰው ግልጽ ነው። እኔ ደግሞ ድንኳን የምተክል እንጂ ድንኳን የሚተከልልኝ ሰው ለመሆን ገና አልተሰናዳሁም። እናም ለመንኩት። ሦስት ቀን ከሱቁ በር አልጠፋሁም። በሦስተኛው ቀን ሰልችቶት እንዲህ አለኝ ፦

«ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ልጄን እድራለሁ። ድንኳኑን ለሰርጉ እዋሳለሁ። ሲተከል ምሰሶውን ይዘው፣ ካስማው ሁሉ እስኪመታ ከቆሙ በቦታዎ ይቆያሉ። ካልቆሙ ወንበር።»

«በአማቾችህ ፊት ልታስይዘኝ? እንዲህ ታምነኛለህ ማለት ነው።»

«አማቾቼ የሚመጡት በማግሥቱ ነው አያ። ስላላመንኩዎት ነው ቀድመን የምንተክለው።»

በዚያው ሰሞን ፀዳ ከተማ ወደምትኖረው ልጄ ቤት ለጥየቃ ሄድኩ። ሳሎንና መኝታ ቤቱን በሚለየው በር ላይ፣ ከመቃን እስከ መቃን የተወጠረ ብረት አየሁ። ፎጣ ተሰጥቶበታል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት የልጄን ባል።

«የስፖርት ብረት ነው አባባ። ተንጠልጥለው ራስዎን ወደ ላይ ይስባሉ። ለትከሻ የሚያህለው የለም።»

«ታዲያ ለምን ፎጣ ተንጠለጠለበት?»

እሱ ጉሮሮውን ሲጠርግ ልጄ ከኩሽና ተጣራች ፦ «ፎጣው ከሱ ይበረታላ! አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ አያውቅም!»

ብረቱን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ እግሩን እየመታው ሲቸገር «አባባ፣ ቧንቧ ነው?» አለኝ። «ትከሻ ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ እስክወርድ ድረስ ቦታ ለቆልኝ ቆመ።

የኔ ቤት አባቴ ያሠራው የድንጋይና የጭቃ ቤት ነው። መቃኑ ወይራ ነው፤ በሩ ግን ዝቅ ያለ ነው፤ አባቴ አጭር ስለነበር የሚወለደውን ልጅ አላሰበበትም። ብረቱ ምስማር አይፈልግም። መሐሉን ሲያዞሩት ይረዝምና በሁለቱ መቃን መካከል ይወጠራል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ያለው ጎማ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ወጠርኩት። ጋቢዬን አውልቄ አማተብኩና ያዝኩት። እግሬ መሬት ላይ ነው። ለመንጠልጠል ጉልበቴን ወደኋላ ማጠፍ ነበረብኝ፤ እግሯ ታስሮ ገበያ የምትወሰድ ዶሮ መሰልኩ፤ እሷ እንኳ የምትንጠለጠለው ተዘቅዝቃ ነው፣ ፊቷ አይታይም።

ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች። አየችኝ። ወንፊቷን እንደያዘች ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ስፖርት።»

«መሬቱ ጠቦህ ነው በአየር ላይ የምትሰግደው?»

ወደ ላይ መሳብ የሚባለውን ሞከርኩ። ከአንገቴ በስተቀር ወደ ላይ የሄደ ነገር የለም። እሱን ተውኩት። ምሰሶም ቢሆን መያዝ ነው እንጂ መውጣት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ስለዚህ ተንጠልጥዬ መቆየቱን ብቻ ላጥብቅ አልኩ። ግን ምን ያህል እንደቆየሁ በምን ልወቅ? ሁለት እጄ ተይዟል፣ ሰዓት አላይም። ባለቤቴን ቁጠሪልኝ ብላት «ሽሮዬ ይረር?» አለችኝ። ያን ጊዜ ሐሳቡ ከራሷ መጣልኝ። እሷ ሽሮ ስትሠራ «ሁለት አቡነ ዘበሰማያት ይቀረዋል» ትላለች፤ እሳቱንም ጊዜውንም የምትለካው በጸሎት ነው። ሁዳዴ ደግሞ ሊገባ ነው። በአንድ ድንጋይ ጸሎቴንም ትከሻዬንም ላደርስ ወሰንኩ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ተንጠልጥዬ ካደረስኩ ምሰሶውን የሚያስለቅቀኝ የለም።

የመጀመሪያው ቀን መንግሥቱ ሳትመጣ እኔ መሬት መጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት ፈቃዱ ላይ ደረስኩ። ከዚያ የዕለት እንጀራ ከሚለመንበት ላይ ስደርስ ተገተርኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾም ሰው ነኝ፤ እንጀራ ሲነሳ ሆዴ ይጮኻል፣ ሆዴ ሲጮህ እጄ ይለቃል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንጀራው ላይ ወደቅኩ። በደብረ ዘይት ሰሞን እንጀራውን አልፌ በደል ይቅር ወደሚባልበት ዘለቅሁ። ደስ ስላለኝ በዚያው ዳኛውን ይቅር አልኩት። በሆሳዕና ማግሥት አሜን ብዬ ወረድኩ!

ያን ቀን በሰፈሩ ስሄድ ክንዴን ከጎኔ ራቅ አድርጌ ነበር፤ ጡንቻ ያለው ሰው እንደዚያ ነው የሚሄደው። ባለቤቴ «ብብትህን ምን ነካው?» አለችኝ።

በዚህ መሐል አንድ ችግር ተፈጠረ። በሩ አልቆለፍ አለ። መቀርቀሪያው ከቀዳዳው በአንድ ጣት ያህል ቀረ። እኔ «እንጨት ነው፣ ሙቀት ሲሆን ይሸሻል» አልኩ። ባለቤቴ ግን «ሰባ ዓመት ያልሸሸ እንጨት ዘንድሮ ከማን ነው የሚሸሸው?» ብላ ብረቱን አየችው። እኔም በየማለዳው ብረቱ እንዳይንሸራተት በመስጋት ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር እያጠበቅሁ መቃኑን ወደ ጎን ስገፋ እንደከረምኩ ገባኝ። ገባኝ እንጂ አላመንኩላትም።

ፋሲካ ዋለ። ከቅርጫው የደረሰንን ሥጋ ባለቤቴ ዘልዝላ በበርበሬ አሽታ ቋንጣውን የት ሰቀለችው? ብረቱ ላይ። «ሁለት ወር የሰው ቋንጣ ተሰቅሎበታል፤ አሁን የበሬ ይሰቀልበት» አለች። በዚያው ሰሞን ነፍስ አባቴ ቤት ሊባርኩ መጡ። በዕድሜ ከኔ ያንሳሉ፣ ግን ልጄ ይሉኛል። ጎንበስ ብለው ሲገቡ አንድ ዝልዝል ጥምጣማቸውን ዳሰሰው። ቀና ብለው አዩ።

«ይኼ ብረት ምንድን ነው ልጄ?»

ይሄኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን እንደ ልጅ ዘከዘክሁላቸው፤ ትከሻውን፣ ምሰሶውን፣ ሰርጉን፣ ጸሎቱን። ተንጠልጥዬ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እንደማደርስ ስነግራቸው ቅንድባቸው ተነሳ።

«እስቲ ልየው።»

ባለቤቴ እያጉረመረመች ቋንጣውን አወረደች። ተንጠለጠልኩ። ጸለይኩ። አሜን አልኩና ወረድኩ። ነፍስ አባቴ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይርገፈገፋል።

«ልጄ፣ ይኼ ጸሎት ነው ወይስ ከውሻ መሸሽ?»

«እንዴት አባ?»

«ቃሉ አንዱ ባንዱ ላይ ሲወጣ ነው የሰማሁት። በል ተመለስና ተንጠልጠል፤ እኔ እላለሁ።»

ነፍስ አባቴ ዜማ አዋቂ ናቸው። አንዲት ቃል ይዘው ወንዝ ይሻገራሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። የመጀመሪያዋን ቃል ሲስቡ ትከሻዬ ሞቀ። ሰማይ ላይ ሲደርሱ ነደደ። ስሙ ሲቀደስ ጣቶቼ አንድ በአንድ ይከዱኝ ጀመር። መንግሥቱ ስትነሳ እኔ ወለሉ ላይ ነበርኩ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ስለጨፈኑ መውደቄን ሳያዩ እስከ መጨረሻው ዘለቁ። እኔ ተቀምጬ፣ ባለቤቴ ቋንጣዋን እንዳቀፈች ቆማ፣ አብረን አሜን አልን።

ነፍስ አባቴ አዩኝ።

«ልጄ፣» አሉኝ በርኅራኄ፣ «ክንድህ አልበረታም። የበረታው ምላስህ ነው።»

ሃምሳ አምስት ቀን! ትከሻዬ ሲደክም ምላሴ እየፈጠነ፣ ጸሎቱ ሲያጥር እኔ የበረታሁ እየመሰለኝ። አገር ምድሩ በሰዓት ሲለካ እኔ በራሴ ምላስ ለካሁ፤ መለኪያውም ሌባው ቤት ያደገ ነበር። ነፍስ አባቴ በጥድፊያ ያልኩትን ሁሉ ረጋ ብዬ እንድደግመው ቀኖና ሰጥተውኝ ሄዱ። ባለቤቴ ቋንጣውን መልሳ እየሰቀለች ስትስቅ ሁለት ዝልዝል ወደቀባት።

ሰርጉ አሥር ቀን ቀርቶታል። በየማለዳው ቋንጣ ማውረድ፣ መንጠልጠል፣ ቋንጣ መስቀል ሆነ ሥራዬ። አሁን በነፍስ አባቴ ዜማ ነው የምጸልየው። እጄ በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤ ላቤን ስጠርግ ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ ባለቤቴም «ንስሐ ገባህ እንዴ?» ትለኛለች። በስድስተኛው ቀን መንግሥቱን አልፌ ፈቃዱን ጨረስኩ። እውነተኛ ፈቃድ፣ በዜማ! በሰባተኛው ቀን ደግሞ ብረቱ ሸርተት ያለ ስለመሰለኝ አንድ ሙሉ ዙር አጠበቅሁት። ተንጠለጠልኩ። ግራ መቃኑ አንድ ጊዜ አቃሰተ፤ ከዚያ ከአባቴ ዘመን ጭቃ ጋር ተላቆ ወደ ውጭ ዘመመ። እኔ፣ ብረቱና ሁለት ቁና አፈር አብረን ወረድን።

አቧራው ሲጠራ ባለቤቴ በላዬ ቆማለች።

«ድንኳን ለመትከል ቤት ታፈርሳለህ?»

ተጎዳህ ወይ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም፤ ያወረድኩት ቋንጣ አፈር እንዳልነካው ግን አረጋገጠች። ግንበኛ ጠርታ መቃኑን አስመለሰች፤ ብረቱ ግን አልተመለሰም።

የሰርጉ ዋዜማ ማለዳ ዳኛው ግቢ ተሰበሰብን። ሸራው ተዘርግቷል። የእድሩ ሰዎች ገመድና መዶሻ ይዘው ዙሪያውን ቆመዋል። እኔ ወደ ምሰሶው ስሄድ አንዱ ጮክ ብሎ ፦

«ጎበዝ፣ ኮፍያችሁን አውልቁ! በኋላ ሸራ ውስጥ ስንፈልግ እንዳንውል!» አለ።

«አንተ ብቻ አውልቅ፣» አልኩት፤ «የሌላው ኮፍያ ራስ አለበት።»

ሳቁ። ዳኛው ግን አልሳቀም። መዶሻውን ይዞ ነጋዴ እህል ሲያይ እንደሚያየው ያየኛል።

ምሰሶውን ይዤ ቆምኩ። ሸራው ተነሳ፤ ክብደቱ በእንጨቱ ወርዶ ክንዴ ውስጥ ገባ። በሆዴ ጸሎቱን ጀመርኩ፣ በዜማ። የኛ ሰፈር መሬት ከላይ አፈር መስሎ ከሥር ድንጋይ ነው፤ ካስማ እምቢ ይላል። አንዱ ካስማ ታጠፈ። አውጥተው ሌላ ቦታ ይመቱ ጀመር። እኔ መንግሥቱን አለፍኩ። ፈቃዱን አለፍኩ። እንጀራው ላይ ስደርስ አራት ካስማ ቀርቷል። ትከሻዬ ያንን የጥር ወሩን ድምፅ ሊያሰማኝ ዳር ዳር አለ።

ምላሴ ሊሮጥ ፈለገ። ታዘብኩት። አሁን እሱ ቢፈጥን ካስማው አይፈጥንም። ይልቅ ለሌላ ሥራ አዘዝኩት።

«ያዙኝ» አልኩ።

ድምፄ ከጥርሴ አልወጣም። መዶሻው ይጮኻል። ምሰሶው በጣም ትንሽ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማኝ ልክ፣ ዘመም አለ። ሃያ ዓመት ያላልኩትን ቃል በሙሉ ደረቴ ለቀቅሁት ፦

«ያዙኝ እንጂ! ያዙኝ!»

መዶሻዎቹ ሁሉ ቆሙ። ዳኛው መዶሻውን ጥሎ እየሮጠ መጣና ሁለት እጁን ከእጄ በታች ምሰሶው ላይ ጫነ። ፊት ለፊት ተፋጠጥን፤ በአፍንጫውና በአፍንጫዬ መካከል እንጨቱ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ወደ ካስማቸው ተመለሱ። ሦስት ቀረ። ሁለት ቀረ። ይሄኔ ምሰሶው በአዲስ ዓይነት ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የኔን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ፣ ይኼ የኔ አልነበረም። ዝቅ ብዬ አየሁ። የዳኛው ክንድ ነው። ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

«አያ፣» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ለካ ከባድ ነው።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ማን ጠየቀኝ?»

«ሰው እንዳይሰማ።»

«እኔ ምን አልኩ? ዝም ብለህ ያዝ። አማቾችህ ነገ ናቸው።»

የመጨረሻዋ ካስማ ገባች። ገመዱ ተወጠረ። ምሰሶውን ለቀን ወደኋላ ስንል ድንኳኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያ ኮፍያ አውልቁ ያለው ሰው ኮፍያውን መልሶ አደረገ። ሁሉም ዳኛውን ያያል፤ ፍርዱን ይጠብቃል። ዳኛው ትንፋሹን እስኪሰበስብ ድረስ ገመዱን የሚያይ መሰለ።

«ከዛሬ ጀምሮ የመሐል ምሰሶ የሚያዘው በሁለት ሰው ነው» አለ በመጨረሻ።

«በማንና በማን?» አለ አንዱ።

«በአያና በእኔ። ሌላ ጥያቄ?»

እኔም ሙሉ ፍርድ ሳይሆን ግማሽ ፍርድ መሆኑ አልጠፋኝም፤ ግን ግማሽ ምሰሶ ከሙሉ ወንበር ይሻላል ብዬ ተቀበልኩ። ሁለታችን የሸራው መያዣ ከረጢት ላይ ጎን ለጎን ቁጭ አልን፤ የዛለ ክንዳችንን ጭናችን ላይ ጥለነዋል። የዳኛው ሚስት ለሰርጉ ከተጠመቀው ጠላ ለሁለታችን በብርጭቆ ሞልታ አመጣችና ፊታችን አስቀመጠች። አረፋው እስከ አፉ ነበር።

«ይጠጡ እንጂ አያ» አለኝ ዳኛው።

«ባለቤቱ ይቀድማል።»

«የለም፣ ታላቅ እያለ?»

«በገዛ ግቢህ?»

ብርጭቆዎቹን አየናቸው። አንዳችንም እጃችንን አላነሳንም። አረፋው ቀስ እያለ ወረደ። ሴትዮዋ ከበር ቆማ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየችና በስጋት ጠየቀች ፦

«ምነው? ጠላዬ ኮመጠጠ እንዴ?»